‹‹ሳንቲም በሰዓት›› የሚለው ስሌት ልጆቻችንን እያሳሳተ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚህ የአንባቢያን ዓምድ አንዲት እናት፣ የ13 ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ‹‹ሳንቲም እየሠራሁ ነው›› እንደሚላቸው ገልጸው፣ ዳቦ የማይገዛው ይህ ሳንቲም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳቸው ጠይቀው ነበር። በተከታዩ እትም አንድ ወጣት መልስ ሰጥቷል። ወጣቱ ማይንክራፍት በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ያሉትን የገቢ መንገዶች በሰዓት በሚያስገኙት የሳንቲም ብዛት ደርድሮ፣ በጨረታ ገበያ ገዝቶ መሸጥን ከሁሉም በላይ፣ እርሻን በመካከል፣ ሚኒየን የሚባሉትን ትናንሽ ሠራተኞች ደግሞ ከሁሉም በታች አስቀምጧቸዋል። ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ደረጃው የተሰላበት መለኪያ የተሳሳተ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚጫወት ልጅ ቢከተለው ጊዜውንም ያጠራቀመውንም እንደሚያጣ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ልጆቼና ሜሪላንድ ከሚኖረው የእህቴ ልጅ ጋር ላለፉት ሦስት ዓመታት በዚሁ ጨዋታ ውስጥ በአንድ የጋራ ደሴት ላይ ስንጫወት ቆይተናል። መጀመሪያ የገባሁበት ልጆቼን ለመቆጣጠር ነበር፤ የቆየሁበት ምክንያት ግን የገበያውን አሠራር ሳየው በመሥሪያ ቤቴ በየቀኑ የማገላብጣቸው ጥያቄዎች ሁሉ በዚያ ስለገጠሙኝ ነው።

በቅድሚያ ለእናቲቱ ጥያቄ መልስ ልስጥ። ማይንክራፍት ዓለሙ በሙሉ ከኩብ ብሎኮች የተሠራ፣ ተጫዋቹ ብሎኮቹን እየቆፈረና እየደረደረ የፈለገውን የሚገነባበት ጨዋታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ በ2014 ማይክሮሶፍት የሠራውን ኩባንያ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ በ2023 ደግሞ ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡ ተነገረ። ጨዋታውን ብዙ ሰዎች አንድ ላይ የሚጫወቱባቸው ሰርቨሮች አሉ። ከእነዚህ እጅግ ከታወቁት አንዱ በ2013 ሥራ የጀመረው ሃይፒክስል ሲሆን፣ በውስጡ በ2019 የተከፈተው ስካይብሎክ የተባለው ክፍል የራሱ ሳንቲም፣ የራሱ ባንክ፣ የራሱ ገበያና ግብር ያለው ሰፊ ኢኮኖሚ ነው። ልጃቸው ‹‹እየሠራሁ ነው›› የሚላቸው ሳንቲም ይህ ወይም ይህን የመሰለ የሌላ ሰርቨር ሳንቲም እንደሚሆን እገምታለሁ። ሳንቲሙ መሣሪያ፣ የጦር ልብስና የደሴት ማስፋፊያ ይገዛል፤ ከጨዋታው ውጭ ግን ሕጋዊ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ‹‹ሳንቲም በሰዓት›› የሚለው መለኪያ የሚናገረው ስለ ገቢ ብቻ ነው፤ ስለ ትርፍ ምንም አይናገርም። ቁጥሩን የሚያወጣው ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ለዓመታት የተጫወተ፣ ውድ መሣሪያ ያሟላ፣ ኢንተርኔቱ የማይቆራረጥበትና ከሰርቨሩ ብዙም በማይርቅ አገር የሚኖር ሰው ነው። ያ ሰው በአንድ ሰዓት ያገኘውን ሲናገር መሣሪያውን ለመግዛት ያወጣውን አይቀንስም፤ ዕቃው እስኪሸጥ የጠበቀበትን ጊዜ አይቆጥርም፤ የከሰረባቸውንም ቀናት አያነሳም። አንድ ነጋዴ የዕለት ሽያጩን ብቻ ነግሮን አተረፍኩ ቢለን ማናችንም አንቀበለውም። ስለዚህ እኔ ልጆቼን የማስተምረው ሌላ ጥያቄ ነው፦ መነሻው፣ ግብሩና ክስረቱ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ፣ መብራትና ኔትወርክ በፈቀዱልህ ሰዓት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ምን ያህል ተረፈህ?

በዚህ ጥያቄ ሲመዘኑ ወጣቱ ከሁሉም በታች ያደረጋቸው ሚኒየኖች ለእኛ ከሁሉም በላይ ይወጣሉ። ሚኒየን በተጫዋቹ ደሴት ላይ ቆሞ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ሠራተኛ ነው፤ አንዱ ስንዴ ያጭዳል፣ አንዱ ይቆፍራል፣ ሌላው ዛፍ ይቆርጣል። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው፣ በከተማችን መንገዶች ስሙን የለመድነውን ኮብልስቶን የሚያወጣውን ነው፤ ለመሥሪያው የሚያስፈልገው 80 ድንጋይና አንድ የእንጨት ዶማ ብቻ ነው። ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ሚኒየን በየ14 ሴኮንዱ አንድ ሥራ ይሠራል፤ አንዴ ድንጋዩን ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ ይሰብረዋል፤ ስለዚህ አንድ ድንጋይ ለማግኘት 28 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ ከ3,000 ድንጋይ ትንሽ ያልፋል ማለት ነው።

ችግሩ ያለው በማከማቻው ላይ ነው፤ ጀማሪዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሚኒየን የሚይዘው 64 ድንጋይ ብቻ ስለሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞልቶ ሥራ ያቆማል። ልጁ ማታ ትቶት ተኝቶ ጠዋት ሲመጣ የሚያገኘው ያንኑ 64 ድንጋይ ሲሆን፣ ‹‹ሚኒየን አይረባም›› ብሎ ይደመድማል። መፍትሔው በጎኑ የማከማቻ ሣጥን ማቆምና ሱፐር ኮምፓክተር የሚባለውን መጭመቂያ መግጠም ነው፤ መጭመቂያው 160 ድንጋይ ወደ አንድ ‹‹ኢንቻንትድ›› ድንጋይ ይለውጣል። ከዚያ በኋላ ቀድሞ 64 ድንጋይ ይይዝ የነበረው አንድ ቦታ 10,240 ድንጋይ የሚያህል ይይዛል። በዚያው በዝግተኛው ፍጥነት ይህን አንድ ቦታ ብቻ ለመሙላት ከሦስት ቀን በላይ ይፈጃል። ይህን ሒሳብ ለትንሿ ልጄ በወረቀት ላይ ሳሳያት ማባዛትን በትምህርት ቤት ከተማረችው በላይ ወደደችው። ጎተራ የሌለው ገበሬ ምርቱ ሜዳ ላይ እንደሚቀርበት ታውቅ ነበርና ወዲያው ገባት።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ደግሞ ሚኒየን ተጫዋቹ ከሰርቨሩ ወጥቶም ቢሆን መሥራቱ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ዳታ ቢያልቅ፣ ፈተና ደርሶ ልጁ ለሳምንት ባይገባ ሥራው አይቋረጥም። ወጣቱ ጸሐፊ ሚኒየንን ‹‹በሰዓት ጥቂት›› ብሎ ሲጥለው የረሳው ይህንን ነው። ቀኑ 24 ሰዓት ነው፤ ልጁ የሚጫወተው ከእነዚህ ሁለቱን ነው እንበል። በሰዓት አሥር እጥፍ የሚያስገኝ ሌላ ሥራ በሁለት ሰዓት ውስጥ የ20 ሰዓት ያህል ገቢ ይሰጠዋል፤ ሚኒየኑ ግን 24ቱንም ሰዓት ሠርቷል። በዚያ ላይ ሁለቱ አይጋጩም፤ ልጁ ሚኒየኖቹን አሰማርቶ በሁለቱ ሰዓት የፈለገውን መሥራት ይችላል።

ይህን ስል ሚኒየንን ያለ ስሌት ማሳደግ ይገባል ማለቴ አይደለም። ደረጃው እስከ 11ና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠይቀው ዕቃ በጣም ይበዛል፣ የሚጨምረው ፍጥነት ግን ያን ያህል አይደለም። ለምሳሌ አንድ ደረጃ ለማሳደግ 300,000 ሳንቲም የሚያወጣ ዕቃ ቢጠይቅና የቀን ገቢውን በ10,000 ቢጨምር ወጪው የሚመለሰው በ30 ቀን ነው። ልጁ ከ30 ቀን በኋላም እንደሚጫወት እርግጠኛ ከሆነ ያሳድገው፤ ካልሆነ ሳንቲሙን ሌላ ሚኒየን ለመጨመር ያውለው። ምርቱን ራሱ የሚሸጥ ሆፐር የሚባል መሣሪያም አለ፤ ርካሹ ዓይነት የሚከፍለው የጨዋታው ነጋዴ (ተጫዋች ሳይሆን ጨዋታው ራሱ ያቆመው ነጋዴ) ከሚገዛበት ዋጋ ግማሹን ብቻ ሲሆን፣ የተሻለው 90 በመቶውን ይከፍላል። ቶሎ ቶሎ መግባት ለማይችል ልጅ የተሻለው ያዋጣል፤ በየሁለት ቀኑ ለሚገባ ግን ምርቱን ራሱ ሰብስቦ ገበያ ቢያወጣው ይሻላል።

ቀጥሎ የማስቀምጠው እርሻን ነው። ጨዋታው በሴኮንድ 20 ጊዜ ብቻ ስለሚታደስ፣ አንድ ገበሬ ቢፈጥን በሴኮንድ ከ20 ብሎክ በላይ አያጭድም። ይህም በሰዓት 72,000 ብሎክ ሲሆን፣ መስመር ሲጨርስ መዞሪያው ስላለ በተግባር ከዚያ ያንሳል። ጣሪያው ለአዲስ አበባውም ለሜሪላንዱም ልጅ አንድ ነው። ልዩነት የሚፈጥረው በአንድ ብሎክ ስንት ፍሬ ይገኛል የሚለው ሲሆን፣ እሱም በመሣሪያና በልብስ ቀስ በቀስ ያድጋል። የእርሻ ትልቁ ጥቅም የሚከሰርበት ነገር አለመኖሩ ነው። ኔትወርኩ ቢቋረጥ ልጁ ተመልሶ ካቆመበት መስመር ይቀጥላል፤ የታጨደው ከዕቃው ውስጥ አለ፤ የሚያጠቃው ጭራቅ፣ የሚቀድመው ተፎካካሪ የለም።

በየሰዓቱ አንድ ጊዜ 20 ደቂቃ የሚቆይ የእርሻ ውድድርም አለ፤ በሦስት የሰብል ዓይነቶች የሚካሄድ ሲሆን ብዙ ያጨዱት ሜዳሊያ ያገኛሉ። ለወላጅ ይህ ውድድር ትልቅ እርዳታ ነው። በቤታችን ‹‹ትንሽ ቆይ፣ አሁን እጨርሳለሁ›› የሚባለው ጭቅጭቅ የቀረው፣ በትምህርት ቀን የሚፈቀደው አንድ ውድድር ነው፣ ውድድሩ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ይዘጋል ብለን ከተስማማን በኋላ ነው። የእርሻ ድካሙ አሰልቺነቱ ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ መሄድ ብቻ ስለሆነ አንዳንድ ልጆች ‹‹ማክሮ›› የሚባል በራሱ የሚያጭድ ፕሮግራም ይጭናሉ። ይህ በሰርቨሩ ሕግ የተከለከለ ነው፤ የተያዘ ሰው ይታገዳል፣ የወራት ሥራውም አብሮት ይሄዳል። ልጅዎ ከክፍሉ ወጥቶ ኮምፒውተሩ ብቻውን ሲያርስ ካዩት ጠይቁት።

አሁን ወጣቱ ከሁሉም በላይ ያስቀመጠውን ንግድ ልመልከት። ንግዱ ሁለት ቦታ ይካሄዳል። አንደኛው ባዛር ሲሆን፣ እንደ እህል በረንዳ ያለ፣ አንዱ ስንዴ ከሌላው ስንዴ ሳይለይ በብዛት የሚሸጥበት ገበያ ነው። ሻጭ ሁለት ምርጫ አለው፤ ዕቃውን ወዲያው ገዢዎች ባስቀመጡት ዋጋ መልቀቅ፣ ወይም የራሱን ዋጋ ተናግሮ ገዢ እስኪመጣ መጠበቅ። ጀማሪ ልጆች ሁልጊዜ ወዲያው ይለቃሉ፤ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለሌላ ሰው የሚሰጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ማታ ዋጋ ተናግሮ፣ ተኝቶ፣ በማግስቱ ሳንቲሙን መሰብሰብ ምንም ተጨማሪ ድካም አይጠይቅም። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ተግባራዊ የሚያደርግ ልጅ ካለ ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል፤ የሚኒየኑም ሆነ የእርሻው ገቢ በዚህ ብቻ ከፍ ይላልና።

በልዩነቱ ላይ ገዝቶ መሸጥ፣ በእኛ አነጋገር አየር በአየር፣ ሌላ ነገር ነው። ባዛሩ በመደበኛው ከሽያጩ ላይ 1.25 በመቶ ግብር ይቆርጣል። አንድ ልጅ ዕቃ በ100 ሳንቲም ገዝቶ በ106 ቢሸጥ፣ ከ106ቱ 1.32 ገደማ ለግብር ሄዶ 4.68 ያህል ይተርፈዋል። በ101 ቢሸጥ ግን ግብሩ 1.26 ስለሆነ፣ አንድ ሳንቲም አተረፍኩ እያለ በእርግጥ ሩብ ያህል ሳንቲም ከስሯል። አንድ ሚሊዮን ጊዜ ከደጋገመው ሩብ ሚሊዮን ሳንቲም ነው። ታላቁ ልጄ ለሁለት ሳምንት ሌት ተቀን ሲነግድ ሰንብቶ ሳንቲሙ ለምን እንደማይጨምር ግራ ገብቶት ወደ እኔ የመጣው ይህን ሳያሰላ በመቅረቱ ነው። በዚያ ላይ የእሱ ዋጋ እንደተነገረ ሌላው በጥቂቱ አሻሽሎ ከፊቱ ይቆማል፤ ስለዚህ ነጋዴው በየደቂቃው እየገባ ዋጋውን ማደስ ይኖርበታል። ‹‹በሰዓት ብዙ›› የተባለው ገቢ ያንን ሰዓት ሙሉ ዓይን ሳይነቀል መጠበቅን ይጠይቃል።

ሁለተኛው የጨረታ ገበያው ሲሆን፣ ወጣቱ ከፍተኛውን ቁጥር የጻፈውም ለዚህ ነው። እዚያ የሚተረፈው አንድ ሰው ዋጋ ሳያውቅ በርካሽ ያወጣውን ዕቃ ከሌላው ቀድሞ በመንጠቅ ነው። ውድድሩ በሴኮንድ ክፍልፋይ ነው። ከአዲስ አበባ ሰርቨሩ እስካለበት ሰሜን አሜሪካ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመስታወት ገመድ ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ከ100 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል። ገመዱ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በቀይ ባሕርና በአውሮፓ በኩል ይዞራልና ጊዜው ከዚያም ይረዝማል። በሰርቨሩ አጠገብ ያለ ተጫዋች ያንኑ ጉዞ በጥቂት ሚሊ ሴኮንዶች ይጨርሳል። ልጃችን የቱንም ያህል ንቁ ቢሆን ይህን ርቀት በጣቱ ፍጥነት አያሸንፈውም። ይህንን ሳይነግሩ ‹‹ምርጡ መንገድ ይህ ነው›› ብሎ መጻፍ በልጁ ላይ ጉዳት ማድረስ ነው፤ ልጁ ሲከሽፍበት ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋልና። እኔ ይህን በቤቴ አይቻለሁ፤ ልጄ ‹‹እኔ ቀርፋፋ ነኝ›› ሲል መስማት ያሳዝናል።

ስለ ውጊያ ብዙ አልልም። ስሌየር በሚባለው ክፍል ተጫዋቹ ጭራቁን ለመጥራት አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሬቨናንት የተባለው ጭራቅ የመጀመሪያ ደረጃው 2,000፣ አራተኛ ደረጃው 50,000 ሳንቲም ያስከፍላል። ከተሸነፈ ክፍያው አይመለስም፤ ቢያሸንፍም ውድ የሆነው ዕቃ የሚወድቀው በዕድል ነው። አራተኛውን ደረጃ አሥር ጊዜ ለመጥራት ግማሽ ሚሊዮን ሳንቲም ያስፈልጋል፤ በአሥሩም ውድ ዕቃ ላያገኝ ይችላል። በቂ መጠባበቂያ ለሌለው ልጅ ይህ ገቢ ሊባል አይገባም። አምስት ሰዎች አብረው የሚገቡበት ካታኮምብስ የተባለው የውጊያ ዋሻ ደግሞ አስደሳች ነው፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋብን አራቱ ጓደኞች መሐል መንገድ ላይ ይቀራሉ። የእህቴ ልጅ ከእኛ ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ አብረን የምንገባው እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በእሱ አገር ቀን ላይ ሲሆን፣ ይህን የምናደርገው ለመገናኘት እንጂ ለሳንቲም አይደለም።

በባንኩ የተቀመጠ ሳንቲም በየ31 ሰዓቱ ወለድ ይወልዳል፤ በመጀመሪያዎቹ 10 ሚሊዮን ላይ 2 በመቶ ነው፣ ይኸውም 200,000 ሳንቲም። ከዚያ በላይ ላለው መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ያለ ሥራ የሚገኝ ስለሆነ ጥሩ ነው፤ የባንኩ ዋና ጥቅም ግን ሌላ ነው። በጨዋታው የሞተ ሰው በመደበኛው ሕግ በኪሱ ከያዘው ሳንቲም ግማሹን ያጣል፤ በባንክ ያለው አይነካም። ስለዚህ ልጁ ከውጊያ በፊት ሁልጊዜ ያስቀምጥ።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ አንድ ወጣቱ ያልነካው ጉዳይ አለ፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚያስገርመኝ እሱ ነው። የጨዋታው ነጋዴ ሲገዛ፣ ባንኩ ወለድ ሲከፍል፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ሳንቲም ይፈጠራል። ተጫዋች ለተጫዋች ሲሸጥ ግን ምንም አይፈጠርም፤ ሳንቲም ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ግብሩም በመንገድ ላይ ጥቂቱን ያጠፋል። ስለዚህ ‹‹ንግድ በሰዓት ይህን ያህል ያስገኛል›› የሚለው ቁጥር ለሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆን አይችልም፤ አንዱ ያተረፈውን ሌላው ከፍሎታል። የእርሻ ዋጋም ቋሚ አይደለም። በየ124 ሰዓቱ የሚመረጠው የጨዋታው ከንቲባ አንዱን ሥራ ሲያበረታታ ሁሉም ወደዚያ ይጎርፋል፣ የዚያ ምርት ዋጋም ይወድቃል። ልጆቼ ከዚህ የተማሩት ሁሉም ሲያጭድ አከማችቶ ሁሉም ሲተው መሸጥን ነው፤ የአዝመራ ወቅት ዋጋን የሚያውቅ የገጠር ሰው ይህን ለማንም ማስረዳት ይችላል።

አሁን ደብዳቤውን በእርግጥ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ። ወጣቱ በጽሑፉ መጨረሻ ‹‹ጊዜ የሌለው መግዛት ይችላል›› ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። አንደኛው ሰርቨሩ ራሱ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጠው ዕንቁ ሲሆን፣ በዕንቁው ‹‹ቡስተር ኩኪ›› የተባለ የጨዋታ ዕቃ ተገዝቶ በባዛሩ በሳንቲም ሊሸጥ ይችላል። ይህ የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው በዶላር ነው። ብር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለዚህ መክፈል ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አልነግርም። ልጆች ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲከፍልላቸው ይጠይቃሉ፤ ዘመድም ልጅን ለማስደሰት እሺ ይላል፣ ወላጅ ሳያውቅ።

ሁለተኛው ከሰርቨሩ ውጭ ከማያውቁት ሰው ሳንቲም መግዛት ነው። ይህ የተከለከለ ነው። ሳንቲሙ ይወሰዳል፣ ተጫዋቹ ይታገዳል፣ ለሻጩ የተከፈለው ገንዘብም አይመለስም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ‹‹ነጻ ሳንቲም እሰጥሃለሁ›› የሚለው ወጥመድ ነው። ባለፈው ዓመት ታላቁ ልጄ በጨዋታው ውስጥ ከተዋወቀው ሰው መልእክት ደረሰው፤ ሽልማቱን ለመቀበል ‹‹ማንነትህን አረጋግጥ›› የሚል ገጽ ተላከለት። ገጹ የኢሜይል አድራሻውን ጠየቀው፣ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ወደ ኢሜይሉ የመጣውን የቁጥር ኮድም እንዲጽፍ ነገረው። ያ ኮድ የማይክሮሶፍት አካውንቱ መክፈቻ ነበር። ልጄ ኮዱን እንደጻፈ አካውንቱ ከእጁ ወጣ። ሁለት ዓመት በየምሽቱ 20 ደቂቃ ያረሰው፣ በጋራ ባንካችን የነበረውን የእህቱንና የአክስቱን ልጅ ሳንቲም ጨምሮ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባዶ ሆነ። የጋራ ደሴት ባንክ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲሰረቅ ሁሉም ይሰረቃሉ። ልጄ ለሦስት ቀን ምግብ በቅጡ አልበላም፤ የከበደውም የራሱ መጥፋት ሳይሆን እህቱን ቀና ብሎ ማየት አለመቻሉ ነበር።

ስለዚህ ለእናቲቱ ያለኝ ምክር ይህ ነው። ልጅዎ ሚኒየኖቹን በማከማቻና በመጭመቂያ ያሟላ፤ በትምህርት ቀን አንድ የእርሻ ውድድር ይበቃዋል፤ ምርቱን ወዲያው ሳይለቅ ዋጋ ተናግሮ ይሽጥ፤ ሳንቲሙን ባንክ ያስገባ፤ የጨረታ ነጠቃውን ለቅርበት ላላቸው ይተው። ወደ ኢሜይሉ የሚመጣን ኮድ ለማንም፣ ለጓደኛም ቢሆን፣ እንዳይሰጥ ዛሬውኑ ይንገሩት። የኢሜይሉ ይለፍ ቃል እርስዎም ዘንድ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ማረጋገጫም በእርስዎ ስልክ ይሁን፤ እኛ ይህን ያደረግነው ከተሰረቅን በኋላ ነው።

ወጣቱ ጸሐፊም ደረጃውን እንደገና አስልቶ ቢልክ፣ በዚህ ጊዜ ግን መነሻ ወጪውን፣ ግብሩንና የኔትወርኩን ርቀት ቀንሶ ቢያሳየን፣ እኔ በበኩሌ በደስታ አነበዋለሁ፤ የእኔ ስሌት ስሕተት ካለበትም ለመታረም ዝግጁ ነኝ። ትንሿ ልጄ ከስርቆቱ በኋላ አዲሱን ደሴት በ80 ድንጋይና በአንድ የእንጨት ዶማ ጀምራዋለች፤ ይህን ስጽፍ አራተኛውን ሚኒየን እያቆመች ነው፣ ወንድሟም ሣጥኑን እየሠራላት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የሁለት ልጆች አባትና የሒሳብ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ